ስለ ማኅበረ ንባብ በኮኪት ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል



በዚህች ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ሕንፃውና ስለ ጕልላቱ የሚናገሩ ሌሎች እንዳሉ ዐውቄ እኔ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልናገር ወደድሁ። ይኸውም ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ጎልማሶች ባንድ መጽሐፍ ዙሪያ ተቀምጠው፥ አንዱ እያነበበ ሌሎቹ እየጠየቁ የሚማሩበት ሥርዓት ነው። በኦሪት ኢዮቤልዩ ማለት የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት፥ ባሪያውም አርነት የሚወጣበት ዓመት ነበረ። የውሉን ቃል ሳያውቅ በወረቀት ላይ አውራ ጣቱን የሚያትም ሰው ሙሉ አርነት አለው ለማለት ያስቸግራልና ነገሬ ከበዓሉ የራቀ አይደለም።

ኮኪት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ናት፤ ሕዝቧም ካንድ አገር የመጣ አይደለም። ከደጋው በሰፈራ የወረደ አለ፤ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ አለ፤ በየዓመቱም ለአረምና ለአጨዳ የሚመጣው የጕልበት ሠራተኛ ብዙ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ድንበሩን ተሻግሮ በዚህ በኩል ያለፈውን ስደተኛ ሁላችሁ አይታችኋል። ከዘመድ ርቆ የሚኖር ሰው ሲታመም የሚያስታምመው፥ ሲሞትም የሚቀብረው ማኅበሩና ዕድሩ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከማኅበር ለይተን ብንጀምረው ይደርቃል፤ በማኅበር ላይ ብንተክለው ግን ሥር ያገኛል።

ነገሩ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ከዱር ገብቶ ብቻውን ቅኔ ይቈጥራል፤ ኋላ ግን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያጐደለውን ሲያርምለት ጓደኞቹም ይሰማሉና፥ የአንዱ ጕድለት ለሁሉ ትምህርት ይሆናል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ስለ ሁለት ቤት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ የሚያድሩ ተማሪዎች አሉ። ዳግመኛም ጀማሪውን ዘወትር የሚረዳው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ በጥቂት የቀደመው ተማሪ ነው እንጂ። ይህን ልብ አድርጉልኝ፤ ጥቂት የሚያውቅ ሰው ምንም ለማያውቀው ይበቃዋል፤ እርሱ ራሱ የተቸገረበትን ገና አልረሳውምና።

በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከመተማ ተነሥቶ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ነደዱ። የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ግን በጉባኤ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ የኖረ ነበርና ከእሳቱ ተረፈ። ከዚያም በፊት የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ አንባቢ ነበረ፤ አስተዋይ የሆነው ግን ፊልጶስ ከጐኑ በተቀመጠ ጊዜ ነው። ሁለት ሰዎችና አንድ መጽሐፍ ነበሩ፤ ከዚህ ያነሰ ጉባኤ የለም።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ዓመት፥ ኦስካር ኡልሶን የተባለ መምህር የጥናት ክበብ አቆመ። አባሎቹ ከአስካሪ መጠጥ የሚከለከሉ ማኅበርተኞች ነበሩ (ጠላ የምንጠምቅ እኛ ከዚህ ላይ ፈገግ ብንል አያስነቅፍም)፤ መጻሕፍትን በጋራ ገዝተው፥ ተራ በተራ አንብበው፥ ተሰብስበው ይነጋገሩባቸው ነበር። በእኛም አገር በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እጅግ ብዙ ሰው ፊደል አስቈጥሯል። የዚያ ዘመን መንግሥት የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ አልነበረም፤ ቢሆንም መልካሙን ሥራ መልካም ነው ማለት ይገባል። ነገር ግን ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚያነበው መጽሐፍና አብሮት የሚያነብ ጓደኛ ያላገኘው ሰው ፊደሉን መልሶ ረሳው። እኔ ከዘመቻ ይልቅ ማኅበርን የምመርጠው ስለዚህ ነው፤ ዘመቻ ያልቃል፥ ጽዋ ግን በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል።

ከአባቶች አንዳንዶቹ፥ ምእመናን ያለ መምህር መጽሐፍ ቢገልጡ ወደ ስሕተት ይወድቃሉ ብለው እንዲፈሩ ዐውቃለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ባለማንበብ ከስሕተት የዳነ ማን ነው? የማያነብ ሰው የሰማውን ሁሉ ያምናል፤ ዛሬም በስልኩ የሚመጣለት ስብከት ከየት እንደ መጣ አይመረምርም። የእኔ አሳብ እንዲህ ነው፤ ማኅበሩ ያንብብ፥ ይጠይቅ፥ ነገር ግን አይፍረድ። ያከራከረው ቃል በደብተር ተጽፎ ወደ መምህሩ ይቅረብ፤ መምህሩም አንድም እያለ ይፍታው። እንዲህ ከሆነ ካህኑ ሥራው ይበዛበታል እንጂ አይቀነስበትም፤ ምናልባት የምንፈራውም ይህንኑ ይሆናል።

ጊዜውን ከእርሻው ጋራ ማስማማት ግድ ነው። ሰሊጥ እንደ ደረሰ ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ ይረግፋልና በጥቅምት ማንንም ለትምህርት ብትጠሩ አይመጣም፤ ባይመጣም አይፈረድበትም። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው ወራት ይሻላል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ሙቀቱ ስለሚጸና ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን።

ልጆች ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሄዳሉ። ጎልማሳው ግን በስሙ፥ በሚዛን ላይ ባለው ቍጥርና በመሬት ኪራይ ውሉ ቢጀምር አይነቀፍም፤ ዳዊቱ ይደርሳል። የጤና ነገርም ይነበብ። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታመጣው በሌሊት የምትነድፍ ጥቃቅን ዝንብ ናት፤ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትገኛለች፤ በሜዳ የሚያድረውም ሠራተኛ ይበልጥ ይጠቃል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቈየ ትኵሳት ያለበት፥ ሆዱ በጣፊያ ያበጠና የከሳ ሰው ወባ ነው ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ይህን ማንበብ የሚችል አንድ ሰው በየማሳው ቢኖር በከንቱ የሚሞት ወጣት ይቀንሳል።

እናቶችን በሚመለከት ነገር አላበዛም። የእመቤታችንን ማኅበር የያዙት እናቶች ሥርዓት ጠባቂዎች መሆናቸውን ከወንዶቹ ይልቅ እናውቃለን፤ የንባቡ ሥራ በእነርሱ ማኅበር ቢጀመር እኔ እወዳለሁ።

ስለ ድግሱ ግን አንድ ቃል አለኝ። ተረኛው ከባለፈው ላለማነስ ሲል የሚበደረው ገንዘብ ይቅር፤ ቆሎና ጠላ ይበቃል። ከድግሱ በተረፈው ብር የማኅበሩ ሙሴ አንድ ዳዊት፥ አንድ ወንጌል፥ አንድም ፋኖስ ይግዛ። የጥያቄው ደብተር በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ከመጪው ታኅሣሥ ጀምሮ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ይከፈት።