ከብልጭታው በኋላ የሚቀረው ብርሃን

(በጅቡቲ ከተማ፥ በካርቲየ 5 ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ዓመታቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)



በካርቲየ 5 ማታ ከሰል የሚያነድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የፍሙ ቅላት ለዓይን ከጠፋ በኋላ እጁን የዘረጋ ሰው ሙቀቱን ገና ያገኘዋል። እሳቱ ጠፋ ለሚል ተማሪ፥ በምን መረመርኸው? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የጋማ ጨረር ፍንዳታ የሚባለው የሰማይ ብልጭታም ብዙውን ጊዜ ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቈያል። ቬላ የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች በ1967 ከመዘገቡት ወዲህ ሊቃውንቱ 30 ዓመት ያህል፥ ምንጩ ቅርብ ነው ወይስ እጅግ ሩቅ? እያሉ ተከራከሩ። ብልጭታው ከመጥፋቱ በፊት ስፍራውን በትክክል የሚያመለክት መሣሪያ አልነበረምና።

ክርክሩን ለመፍታት መንገድ የከፈተው ቤፖሳክስ የተባለው የኢጣልያና የሆላንድ ሳተላይት ነው። መልእክቱን ያወርድ የነበረው ከጅቡቲ ወደ ደቡብ፥ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር በምትገኘው የኬንያ ከተማ በማሊንዲ ነበር፤ ይህን ለተማሪዎች መንገር አይከፋም። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ብልጭታ ከታየ 8 ሰዓት ያህል በኋላ፥ ሐኪም ቤት ራጅ በሚባለው በኤክስ ጨረር ስፍራው ሲመረመር ያልታወቀ ምንጭ ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ብርሃኑ ወደ ሃያኛው እጅ ወርዶ ታየ። በዚያው ዓመት በሜይ በታየው በሌላው ብልጭታ ላይ በተደረገው ምርመራ፥ ብርሃኑ ቢያንስ 7 ቢሊዮን ዓመት ያህል የተጓዘ መሆኑ ታወቀ። የዚሁ ምንጭ የሬዲዮ ሞገድ በመጀመሪያ እንደ ኮከብ ይርገበገብ ነበር፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ግን ረጋ። ኮከብ የሚርገበገበው ለዓይን ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ ነው፤ ፕላኔት ግን ሰፋ ስለሚል ይረጋል። እንግዲህ ያ ምንጭ ሰፍቶ ነበር፤ የመስፋቱም ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ የፍሙ ምሳሌ ሊጣል ይገባል። ፍም ቀለሙ የሚለወጠው ስለሚበርድ ነው። በዚህ ግን ከፍንዳታው የተወረወረው ነገር በዙሪያው ያለውን ጋዝ ሲመታ፥ ኤሌክትሮኖች በማግኔት ኃይል እየተጠማዘዙ ከሬዲዮ እስከ ኤክስ ጨረር ድረስ በአንድ ጊዜ ያበራሉ። ኤክስ ጨረሩ ወዲያው መድከም ይጀምራል፤ ሬዲዮው ግን ለቀናት ወይም ለሳምንታት አድጎ በኋላ ይደክማል።

ትርጓሜው የሚከብደው ድካሙ በድንገት ሲፈጥን ነው። በአንዱ ቀለም ቀድሞ በሌላው ዘግይቶ ከሆነ፥ የተለወጠው የኤሌክትሮኖቹ ሁኔታ ነው። በሁሉም ባንድነት ከሆነ ግን ነገሩ የቅርጽ ነው፤ ፍንዳታው በየአቅጣጫው የተበተነ ሳይሆን እንደ ባትሪ መብራት ጠባብ ጮራ ነበር፥ ጠርዙም አሁን ታየ ማለት ነው። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በጃንዋሪ 1999 የታየው ብልጭታ በየአቅጣጫው እኩል ያበራ ቢሆን ኖሮ፥ ፀሐይ በሙሉ ወደ ብርሃን ብትለወጥ ከሚገኘው የበለጠ ኃይል ያስፈልገው ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ የታየው የሌላ ብልጭታ ቀሪ ብርሃን በሚታዩት ቀለሞች ሁሉ ባንድነት ሲያዘቀዝቅ ተገኘ፤ በጠባብ ጮራ ሲታሰብም የሚፈለገው ኃይል በመቶዎች እጅ ይቀንሳል።

በሰሌዳ ላይ ይህን ለማሳየት ሁለት መሥመሮች ይበቃሉ፤ አንዱ የኤክስ ጨረር፥ ሁለተኛው የሚታየው ብርሃን። ተማሪው የሁለቱን እጥፋት ቀን ያወዳድር። በ2004 የተወነጨፈው ስዊፍት ሳተላይት ግን የአንደኛው መሥመር ሲታጠፍ ሁለተኛው ሳይታጠፍ የሚቀጥልባቸውን ብዙ ፍንዳታዎች አሳይቷል፤ በነዚህ ላይ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም።