ልጃችሁ ለሥራ ልምምድ የምትወጣበት ቀን

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ እዚህ አሽዶድ፣ በሮቫ ቴት ከሚኖሩ ወላጆች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። «ልጃችን ኮሌጅ ገባችልን ብለን ደስ ብሎን ሳለ፣ አሁን ደግሞ ያለ ደመወዝ ሥራ ትሄዳለች። ይህ ትምህርት ነው ወይስ የነፃ ጉልበት?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዕብራይስጥ ሂትማሑት ወይም ስታዥ የሚባለው የሥራ ልምምድ ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገር ቤት የአንጥረኛ ልጅ ወናፍ እያናፋ፣ የሸማኔ ልጅ ማግ እያጠነጠነ ነበር ሙያውን የሚለምደው። ኮሌጅ ስማር እኔም በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ።

እስቲ አንዲት ተማሪ እናስብ። ቴል አቪቭ ውስጥ ሦስት አራት ሠራተኞች ብቻ ባሉት ትንሽ አሳታሚ ቤት ተመደበች እንበል። የመጀመሪያ ቀኗ እሑድ ነው። ከሮቫ ቴት በአውቶቡስ ወደ አድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች። እሑድ ጧት ባቡሩ ወደየጦር ሰፈራቸው በሚመለሱ ወታደሮች ስለሚሞላ ቀደም ብላ መነሣት አለባት። ራቭ ካቧ ገንዘብ መኖሩን ከሐሙስ ጀምራ ብታረጋግጥ ይሻላል።

እዚያ ስትደርስ ምን ትሠራለች? መጽሐፍ እንደምትጽፍ አድርጋችሁ አትጠብቁ። ምናልባት የመጀመሪያ ሥራዋ ሀጋሃ ይሆናል። ይህም ለኅትመት የተዘጋጀውን ገጽ ፊደል በፊደል እያነበቡ ስሕተት መልቀም ማለት ነው። ኦሪት በብራና በእጅ ሲገለበጥ የነበረውን ጥንቃቄ የምታውቁ አባቶች የሥራውን ክብደት አታጡትም። የልጆች መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ የዕብራይስጡ ነጥብ፣ ኒቁድ የሚሉት፣ በየፊደሉ በትክክል መቀመጥ አለበት። መጽሐፉ በአማርኛም የሚወጣ ከሆነ ልጃችሁ በዚያ ቤት ከሁሉም የተሻለች ልትሆን ትችላለች። እዚህ ተወልደው ካደጉት ልጆቻችን አማርኛ እየሰሙ ፊደሉን የማያነቡ ብዙዎች ናቸውና።

የመጽሐፍንም ምሥጢር በዚያው ትማራለች። አብዛኛውን ጊዜ የገጹ ቁጥር ለ16 የሚካፈል የሚሆነው ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ስለሚወጣው ነው። በጀርባው ካለው ረጅም ቁጥር ውስጥ 965 የሚለው የእስራኤል መለያ ነው። በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት አሳታሚው ከታተመው መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያስረክባል። ከሰዓት በኋላ ምናልባት ካርቶን አሽጊ፣ ፖስታ ቤት ሂጂ ትባል ይሆናል። በትንሽ ቤት ባለቤቱም ካርቶን ይሸከማልና ይህን እንደ ንቀት አትቁጠሩት። ሳምንቱ ሁሉ በካርቶን ብቻ ካለፈ ግን ለኮሌጁ አስተባባሪ ትናገር።

አንድ ነገር ግን ከቤት ሳትወጣ ምከሯት። እኛ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጨዋ እንላለን። እዚህ አገር ግን አለቃው ዝምታዋን «ገብቷታል» ወይም «ግድ የላትም» ብሎ ይተረጉመዋል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለምን? ያልገባትን «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ጨዋነትን አይነካም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ልጅቱ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ ሳለች ቴሌፎኗ ይጮኻል። እናት ኩፓት ሖሊም ናቸው፤ ሐኪሙ የሚለው አልገባቸውም። ወይም አባት ባንክ ቤት ቆመው የሚፈርሙትን ወረቀት ማወቅ ይፈልጋሉ። ልጅቱ ምን ታድርግ? ካላነሣች ልቧ አይረጋም። ካነሣች በመጀመሪያ ቀኗ ሥራዋን ትታ ኮሪደር ላይ ቆማ ታስተረጉማለች። ይህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከሆነ፣ አለቃዋ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ልቧ ሥራው ላይ የለም ብሎ ይደመድማል።

እናንተ ክፉ አስባችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሰው ባዳ፣ ለአገር እንግዳ የሆነ ሰው ልጁን ምርኩዝ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሌላ መንገድ አለ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ መሠረት የሕክምና ተቋማት ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ የማስተናገድ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። የሚኒስቴሩ የስልክ መሥመር *5400 በአማርኛም ያስተናግዳል። ደግሞም የእናት ሕመም በልጅ አፍ ሲተረጎም እናት ታፍራለች፣ ልጅ ትደነግጣለች፤ ግማሹም ሳይነገር ይቀራል። አስቸኳይ ያልሆነውን የባንክና የቢሮ ወረቀት ወደ እኛ፣ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ አምጡት፤ ወይም ልጅቱ ነፃ የምትሆንበትን ቀን ጠብቁ።

ስለ ደመወዙም ላንሳ። ልምምዱ የትምህርቱ ክፍል ከሆነ ብዙ ጊዜ አይከፈልም። ስለዚህ ልጃችሁ አራት ነገር ትጠይቅ፤ የሚመራኝ ማነው? ስንት ሰዓት ነው? መቼ ያበቃል? አደጋ ቢደርስብኝ ኢንሹራንሱ የማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ልምምዱ አብቅቶ ሥራ ከቀጠለች ግን ተቀጣሪ ናት። በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት አሠሪው የሥራዋን ሁኔታ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል፤ የወሩንም ደመወዝ ከሚቀጥለው ወር 9ኛ ቀን ሳያሳልፍ ከነትሉሹ ሊከፍላት ይገባል። ደመወዝ ሳይኖር «ሙከራ ነው» እየተባለ ወር በወር ላይ ሲደረብ ዝም አትበሉ።

ማታ ስትመለስ ደክሟት ይሆናል። «ስንት ሰጡሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ተማርሽ?» በሏት። ቡናው ይፈላ፤ ታናናሾቿም ቁጭ ብለው ይስሙ። የእሷን ቀን የሰማ ታናሽ ወንድም ነገ የራሱን ቀን አይፈራም።

ጥያቄ ያላችሁ በየሰፈራችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ጠይቁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ እንዲቀርብላችሁም ንገሯቸው። እስከምንገናኝ በጤና ቆዩ። ሻሎም።