ከሽቦ በራቀ ሜዳ የአይሮፕላን ባትሪ ስለ መሙላት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በዚህ የበዓል ቀን እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ ስለ ትልቅ ነገር ተናገሩ ያሉን ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን በእጃችን ሠርተን ስለምናውቀው ትንሽ ነገር መናገርን መረጥን። ይኸውም በሆሞሻ ሜዳ ላይ፣ ምንም ዓይነት የኤሌክትሪክ ሽቦ በሌለበት፣ የሞዴል አይሮፕላናችንን ባትሪ እንዴት አድርገን እንደምንሞላ ነው። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ለእኛም ጨዋታ ነበር።

አንዳንድ ወላጆች፣ ክልላችን የታላቁ ግድብ አገር ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ በሣጥን ተሸክማችሁ የምትዞሩት ስለ ምንድር ነው ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ዋናው መስመር በ500 ሺህ ቮልት ወደ ሆለታ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ያ ኃይል የሰው ቤት እስኪገባ ድረስ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየወረደ መምጣት አለበት። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ምክንያታችን ግን ሌላ ነው፤ አይሮፕላን የሚበርበት ሜዳ ከሽቦ መራቅ አለበት። በሽቦ አጠገብ የሚያበር ሰው ወይ ክንፉን ይሰብራል፣ ወይ ከዚያ የከፋ አደጋ ያመጣል። እንግዲህ መብራቱ ወደየቀበሌው ሁሉ ቢደርስ እንኳ እኛ ሽቦውን ሸሽተን መሄዳችን አይቀርም።

አይሮፕላኑን ላላያችሁት ጥቂት እንግለጽ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ነው። አጥንቱ ከአካባቢያችን ሽመል ተሰንጥቆ የተላገ ሲሆን፣ ልብሱ ዕቃ በካርቶን ሲመጣ እንዳይሰበር የሚደገፍበት ነጭ ፎም ነው። ሞተሩ፣ የሬዲዮ መቀበያውና ባትሪው ብቻ ከአዲስ አበባ መጡ። ስሙን «ፀሐይ» አልነው፤ ይህም በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ተሠርታ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችውን፣ በኋላም ወደ ጣሊያን ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችውን አይሮፕላን ለማስታወስ ነው። ሁለተኛ ምክንያትም አለን፤ ወደ ፊት ትሰሙታላችሁ።

በኤሌክትሪክ የሚበር ሞዴል አይሮፕላን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 1949 ዓ.ም. ኮሎኔል ታፕሊን የተባሉ እንግሊዛዊ ሬዲዮ ኩዊን የሚባለውን ሞዴል በብርና በዚንክ ባትሪ አብርረው በመዝገብ ለመያዝ የመጀመሪያው ሆኑ። ጥቅምት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ሰንራይዝ የተባለ ሰው የማይሳፈርበት አይሮፕላን በካሊፎርኒያ፣ በክንፉ ላይ በተለጠፉ የሶላር ሰሌዳዎች ኃይል ብቻ በረረ። እኛም እንደዚያው በክንፉ ላይ ለምን አንለጥፍም ብለን አስልተን ነበር። የክንፋችን ስፋት ሩብ ካሬ ሜትር አይሞላም፤ በሙሉ ፀሐይ 50 ዋት ቢሰጥ ነው፤ ሞተሩ ግን 140 ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ሰሌዳው መሬት ላይ ቀረ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ታናናሾች ሳለን ሒሳብ ያስተማሩን መምህር የቁናውን ልክ ሳናውቅ ማካፈል እንዳንጀምር አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። የኤሌክትሪክ ቁና ዋት ሰዓት ይባላል። ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ማባዛት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለበትም። የአይሮፕላናችን ባትሪ 11.1 ቮልትና 2.2 አምፔር ሰዓት ስለ ሆነ 24 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ዓይነት ነው፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ከተጨለጠ ስለሚበላሽ ከአምስት እጁ አራቱን ብቻ እናወጣለን፤ ይኸውም 19 ዋት ሰዓት ነው። በ8 ደቂቃ ያልቃል። ያወጣነውን ለመመለስ፣ በቻርጀሩ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋው ተጨምሮ፣ ከሣጥኑ 23 ዋት ሰዓት ያህል እንቀዳለን። ይህን እኛ «አንድ ድርሻ» እንለዋለን። አንድ ድርሻ ማለት አንድ በረራ ነው።

ሣጥኑ ከእንጨት ተሠርቶ ሁለት የገመድ እጀታ ያለው ሲሆን፣ በውስጡ 12 ቮልትና 50 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ተቀምጧል። በወረቀት 600 ዋት ሰዓት ነው። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ የምንቆጥረው 300ውን ብቻ ነው፤ እርሱም 13 ድርሻ ነው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው አዲሱ ዓይነት ክብደቱ ከግማሽ በታች ሆኖ ከአምስት እጁ አራቱን ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከኪሳችን ጋር አልተስማማም። የቤንዚን ጄኔሬተርም አስበን ትተነዋል፤ 50 ዋት ለመቅዳት አንድ ትልቅ ሞተር ቀኑን ሙሉ ማስጮህ ምን ይረባል?

ስለ ኢንቨርተር አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው በእርሱ ነውና። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣዋል፤ ከዚያም ቻርጀሩ ያንኑ መልሶ ያወርደዋል። ውኃን ከእንስራ ወደ እንስራ እንደ መገልበጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ግልበጣ የሚፈስ አለ። የእኛ ቻርጀር ከ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ስለ ሆነ ኢንቨርተር አያስፈልገንም። ይህን ስንናገር የፊዚክስ መምህራችን ፈገግ ሲሉ እናያለን፤ ለሁለት ሳምንት ያከራከርናቸው በዚህ ጉዳይ ነበር።

ሣጥኑን የሚሞላው 50 ዋት የሆነ የሶላር ሰሌዳ ነው፤ የአይሮፕላኑ ስም ሁለተኛ ምክንያት ይህ ነው። በሰሌዳው ጀርባ የተጻፈው 50 ዋት ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን የሚገኘው ነው። በሆሞሻ የበጋ ቀትር ሰሌዳው 60 ዲግሪ ቢደርስ ከሰባት እጁ አንዱን ያህል ያጣል፤ ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሪኩ ይቀንሳልና። ብዙ ሰው ግን ፀሐይ በበረታች ቁጥር ይጨምራል ብሎ ሰሌዳውን ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ይዘረጋዋል። እኛ በሽመል እግር ከፍ አድርገን ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ አደረግን፤ በበጋ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምታልፍም በጥቂቱ ወደ ደቡብ አዘነበልነው። የአንድ የማንጎ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ቢያርፍበት ኃይሉ ብዙ ይወርዳል። ስለዚህ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ሣጥኑ ግን ማንጎው ሥር ነው። ደኅና ፀሐይ ባለበት ቀን ሁሉም ኪሳራ ተቀንሶ 7 ድርሻ እናገኛለን። በክረምት፣ ሰማዩ በደመና በተዘጋ ጊዜ፣ ከዚህ ሩቡ እንኳ አይደርስም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንለፍ። ሜዳችን ከኩርሙክ ከሚመጣው መንገድ ብዙ አይርቅም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚያ በኩል ብዙ ሰው ወደ አገራችን ተሻግሯል። እኛ የምናበረው በትምህርት ቤቱ በኩል በተገኘ ፈቃድ፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ከመምህር ጋር ብቻ ነው። ነገር ግን መንገደኛው ፈቃዳችንን አያይም፤ የሚሰማው ድምፁን ነው።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲያልፉ አይሮፕላኑ በላያቸው ዞረ። ልጁ አልሮጠም፤ አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ በደረቱ መሬት ላይ ተኛ። ወዲያው አወረድነው። እናቲቱ አልተቆጡንም። ዐረብኛ በሚያውቅ ጓደኛችን አማካይነት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚጥለው ነገር አለው ወይ? ሽመሉን፣ ፎሙንና ባትሪውን አውጥተን አሳየናቸው፤ ልጁም ክንፉን በጣቱ ነካ። ከዚያም ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ስልክ አወጡ። ከጠፋ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ ልጃቸው ከማዶ ቀርቷል። ይህን የሚያበር ሣጥን ስልኩንም ያበራው እንደ ሆነ ጠየቁ።

የስልኩ ባትሪ 5 አምፔር ሰዓትና 3.85 ቮልት ነበር። አባዙት፤ 19 ዋት ሰዓት ነው። አንድ በረራ!

በዚያን ቀን በሣጥኑ የቀረው አንድ ድርሻ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ሰጠን። ስልኩ ሲበራ እናቲቱ አልደወሉም፤ በሜዳው ኔትወርክ ስለሌለ የልጁን እጅ ይዘው ወደ ጉብታው ሄዱ። ልጃቸው ያንሣ አያንሣ አልሰማንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሰው መጣ፤ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያ የበዛ። ያን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ሣጥኑ በመዋጮአችን የተገዛው ለመብረር ነው፣ ስልክ መሙላት የሌላ ሰው ሥራ ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ በ8 ደቂቃ ጨዋታና በአንድ እናት ጥሪ መካከል ምን ክርክር አለ አልን። የመጀመሪያዎቹ ግን ጭካኔ አልነበረባቸውም። ለመጣ ሁሉ ከሰጠን ባትሪው ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ በዓመቱ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ለእኛም ለእነርሱም አይሆንም ብለው በሒሳብ አስረዱ። ሒሳባቸው ልክ ነበር።

በመጨረሻ እንዲህ ቆረጥን፤ ከቀኑ 7 ድርሻ 4ቱ ለስልክ፣ 3ቱ ለበረራ፤ ሣጥኑ አርፎ ሲለካ 12.1 ቮልት ካሳየ ግን ማንም ይምጣ ማን ይዘጋል። ገንዘብ አንቀበልም። ሰው በመንገዱ ላይ እየመጣ ሳለም አይሮፕላን አናነሣም። ሁለት ጓደኞቻችን እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማሙም፤ ቢሆንም ሣጥኑን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው።

ስለ እሳት ጥቂት ሳንናገር አንለፍ፤ ከታናናሾቻችን ይህን ሥራ የሚረከቡ አሉና። ሊቲየም ፖሊመር ሲቆጣ በውኃ ብርጭቆ የሚጠፋ እሳት አይደለም፤ የበጋው ሣር ደግሞ ክብሪት ይጠብቃል። ከበረራ የወረደ ባትሪ ትኩስ ሳለ አይሞላም፤ በእጅ ሲዳሰስ እስኪበርድ ይቆይ። የሚሞላው ሣር በሌለበት መሬት፣ አሸዋ ባለበት የሸክላ ድስት ውስጥ ሆኖ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 4.2 ቮልት ሲደርስ ይበቃል፤ ከዚያ አይለፍ። ያበጠ ባትሪ ምንም ያህል የተወደደ ቢሆን ከሥራ ይውጣ። የእርሳሱም ባትሪ ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ያወጣልና በሣጥኑ አጠገብ የቡና ከሰል አታንድዱ፤ ክዳኑም ይከፈት።

ዛሬ ጧት ሣጥኑን ስንለካ 12.4 ቮልት አሳየን፤ ትናንት ደመና ነበረ። በእኛ ቁና 6 ድርሻ ነው። ስለዚህ ከዚህ ንግግር በኋላ በታችኛው ሜዳ ሦስት ጊዜ ብቻ እናበራለን፤ ድገሙት ብትሉን አንደግምም። የቀረው ሦስት ድርሻ ስልካቸው ለጠፋባቸው ነው፤ ከመድረኩ በስተግራ ወዳለው ጠረጴዛ አምጡ፤ ከሩቅ የመጣ ይቀድማል።