ከኮንጎ የመጡት



በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ከምዕራብ ኢትዮጵያ ሲባረር ከተዋጉት አንዱ የቤልጂግ ኮንጎ ጦር ነበር። የኮንጎ ወጣቶች ሱዳንን አቋርጠው ጋምቤላ ገቡ፤ ከዚያም ዳገቱን ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ ወጡ። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ስንቅ አጠረ። ጥይት የሳተውን በሽታ ጣለው። ሰኔ 26 ጣልያናዊው ጄኔራል ጋዜራ ለቤልጂጉ ጄኔራል ጂልያርት እጁን ሰጠ።

የጄኔራሎቹ ስም በታሪክ ቀረ። ተራው ወታደር ግን የራሱ አገር በቅኝ ግዛት ሳለች በሰው አገር ወደቀ፤ ኮንጎ ነጻ የወጣችው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ሚያዝያ 27 አርበኞቻችንን ስናስብ እነዚህንም ልጆች እናስባቸው። ባለውለታን መርሳት ወጋችን አይደለም።