በውሃ ውስጥ የሚያድር ዘበኛ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በነቀምት ማታ ማታ የምናጠናበት መብራት ኃይሉን ከሚያገኝባቸው ምንጮች አንዱ በዚሁ በወለጋ ይገኛል። ከሻምቡ ብዙ ሳይርቅ የጮመን ረግረግ የነበረው ስፍራ ተገድቦ ሐይቅ ሆነ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የፊንጫ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ውሃው ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መዘውሮቹን ይመታል። መጀመሪያ 100 ሜጋዋት የነበረው ችሎታው አራተኛ መዘውር ሲጨመርለት 134 ደርሷል።

የግድብን ጀርባ ጎብኚ ሁሉ ያየዋል። የውሃ መቀበያውን በር፥ ግንድና ሣር የሚያግደውን የብረት ፍርግርግ፥ በውሃ የተዋጠውን ግንብ ግን ማን ይመረምርልናል? እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይህ የጠላቂ ዋናተኛ ሥራ ነው፤ ሥራውም አደገኛ ነው። መቀበያው ሳይዘጋ የቀረበውን ሰው የውሃው ኃይል ስቦ ከፍርግርጉ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከተዘጋም መዘውሮቹ ይቆማሉ። በዚህ ላይ የፊንጫ ሐይቅ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። ጠልቆ የቆየ ሰው በፍጥነት ሲወጣ በደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ይጎዳዋል፤ ለባሕር ተብሎ የተዘጋጀውም የመውጫ ሰንጠረዥ በደጋ ሐይቅ እንዳለ አያገለግልም።

በባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጡ ሰዎች ለዚህ ችግር መላ አግኝተዋል። ይኸውም ከውሃ ሳይወጣ እዚያው የሚኖር ሮቦት ነው። በኖርዌይ በንዮርድ የነዳጅ መስክ የጣሊያኑ ሳይፔም ኩባንያ የሠራው ሮቦት በ2023 ከአምስት ወር በላይ በውሃ ውስጥ ሰንብቷል። ዮናስስ በዓሣ አንበሪ ሆድ የቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነበር! ኃይሉ ሲደክም ከባሕሩ ወለል ወደ ተተከለው ማደሪያው ተመልሶ ባትሪውን ይሞላል። የራዲዮ ሞገድ በውሃ ውስጥ ሩቅ ስለማይሄድ፥ ያየውን የሚልከው በማደሪያው ሽቦ አማካይነት ነው።

እኛ ዘንድ ቢመጣ ሁሉ ነገር ይቃናል ማለቴ አይደለም። ጨው የሌለው ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል የመንሳፈፊያው ሚዛን እንደገና መስተካከል አለበት። በደፈረሰ ውሃ ካሜራ ዕውር ነው፤ እንደ ሌሊት ወፍ በድምፅ ማስተጋባት ማየት ይኖርበታል። በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው ሣርም በመቅዘፊያው ላይ ይጠመጠማል። ከተራራው እርሻ ታጥቦ የሚወርደውን ደለል ቢለካ እንኳ ሊያስቀረው አይችልም፤ ያ የእርከንና የዛፍ ሥራ ነው።

ዋጋውም ቀላል ስላይደለ፥ በእኔ አስተያየት ለፊንጫ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከጀልባ የሚወርድ አነስተኛ ሮቦት ይበቃል። በውሃ ውስጥ ማደር የሚገባው በጎረቤታችን በጉባ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። ቁመቱ 145 ሜትር፥ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሆነን ግድብ በየጊዜው በጠላቂ ማሰስ አይቻልም።

ነገር ግን ሮቦቱ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ከባሕር ማዶ የሚጠራ ከሆነ፥ መለዋወጫና ቪዛ እየጠበቅን ወራት እናጠፋለን። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ አሮጌ ራዲዮ ፈትቶ ቢበታትን ቶሎ አትቆጡት። መምህራኖቻችንም አንድ በርሜል ውሃ፥ አንድ አነስተኛ ሞተርና የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ቢፈቅዱልን፥ የእኛ ክፍል ተማሪዎች ከፈተናው በፊት ሙከራውን ለመጀመር ዝግጁ ነን።