ቁልፉን ይዞ የወጣው ትሬድ

በእንሴኖ በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች ግንኙነት ላይ የቀረበ ንግግር

ከአዘጋጆቹ አንዱ ርእሴን አይቶ «ይሄ ከምሳ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በፊት ይሁን አልኩት፤ ከምሳ በኋላ ከሆነ የሚሰማኝ እንደማላገኝ አውቃለሁ። በመካከላችን ሐኪምም፣ የግብርና ባለሙያም፣ ነጋዴም ስላለ ከሥሩ ልጀምር። የኮምፒውተር ሰዎች ትንሽ ታገሡኝ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

ሥራዬ የሊኑክስ ከርነልን መፈተን ነው። ከርነል ማለት በማሽኑ አካልና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ ሁሉን የሚያስተናብረው የሥርዓቱ ክፍል ነው። በየኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ መሠረቱ የሊኑክስ ከርነል ነው። እዚያ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ እያንዳንዱን የሥራ መስመር ትሬድ እንለዋለን። ጣጣው የሚመጣው ሁለት ትሬዶች አንድ ነገር ሲነኩ ነው።

አንድ እቁብ አስቡ። ጸሐፊዎቹ ሁለት፣ መዝገቡ አንድ። የመጀመሪያው «እስካሁን የተሰበሰበ 4,000 ብር» የሚለውን አነበበ። 500 ተቀብሎ ሊደምር ሲል፣ ሁለተኛውም ያንኑ 4,000 አነበበ፤ እሱ የተቀበለው 300 ነው። አንዱ 4,500 ጻፈ፣ ሌላው በላዩ 4,300 ጻፈበት። 500 ብር የለችም። ሌባ ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም፤ ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው፣ ሁለቱም በትክክል ደምረዋል። ይሄን ነው እኛ ዳታ ሬስ የምንለው፤ በአማርኛ ሽሚያ ልበለው። ክፋቱ ሁልጊዜ አለመከሰቱ ነው። ዘጠና ዘጠኝ ሳምንት ሒሳቡ ልክ ይመጣል፤ በመቶኛው ይጎድላል፤ ማን እንዳጎደለው ግን ምልክት የለም።

መድኃኒቱ ቁልፍ ነው። መዝገቡን የያዘው እስኪጨርስ ሌላው አይነካም። በከርነል ውስጥ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ዓይነት ቁልፎች ናቸው። ስፒንሎክ የያዘውን የሚጠብቅ ትሬድ በሩ ላይ ቆሞ «አለቀ? አለቀ?» እያለ ነው የሚጠብቀው፤ ጥበቃው አጭር ከሆነ ይሄ ይሻላል። ሚውቴክስ የሚጠብቅ ግን ሄዶ ይተኛል፣ ተራው ሲደርስ ይቀሰቅሱታል። ሚውቴክስ ደግሞ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የቆለፈው ራሱ ነው መክፈት ያለበት። ወንድሙን ልኮ ማስከፈት አይቻልም። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ፈተናው። ሊኑክስ ለረጅም ዘመን የተፈተነው በአብዛኛው ከውጭ ነው፤ ፕሮግራም ጽፈህ በሩን ታንኳኳለህ፣ መልሱን ታያለህ። አንዲትን የውስጥ ፈንክሽን ለብቻዋ አውጥቶ የሚፈትን፣ ሁሉም ክፍል የሚጋራው ማዕቀፍ አልነበረም። ኬዩኒት የሚባለውን ያመጣው በጉግል ይሠራ የነበረው ብሬንዳን ሂጊንስ ነው፤ ብዙ ዙር ክርክርና እርማት አልፎ በሊኑክስ 5.5 ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ወጣ። ዛሬ የፋይል ሥርዓቱም፣ የግራፊክስ ክፍሉም፣ የማስታወሻ ጠባቂዎቹም ፈተናቸውን በእሱ ይጽፋሉ።

ታዲያ ፈታኙ ራሱ ፕሮግራም ነው። ፈተናው ረዳት ትሬዶችን ሲያስነሳ እነሱም የፈታኙን መዝገብ ይነካሉ። ፈታኙን ማን ይጠብቀው?

የኬዩኒትን የውስጥ አሠራር የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ፈተና መዝገብ ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለያየ መንገድ ተጠብቀዋል። የመጀመሪያው ውጤቱ ነው። ሲነደፍ የታሰበው እንዲህ ነው፦ ውጤቱ «አለፈ» ተብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ማንም ትሬድ ወደ «ወደቀ» ሊቀይረው ይችላል፣ ማንም ግን መልሶ «አለፈ» ሊያደርገው አይችልም። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ አሥር ትሬድ በአንድ ጊዜ «ወደቀ» ብሎ ቢጽፍ የሚጠፋ ነገር የለም። ስለዚህ ከባድ ቁልፍ አላስፈለገውም፤ ኮምፓይለሩ ጽሕፈቱን እንዳይቆራርጠው የምታደርግ ራይት ዋንስ የምትባል ትንሽ ማክሮ በቃች። በምላሹ ግን አንድ ግዴታ አለ፦ ውጤቱ የሚነበበው ከፈተናው ጋር የተያያዙ ትሬዶች ሁሉ ካበቁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፈተናው የተበደራቸው ነገሮች ዝርዝር ነው፤ የማስታወሻ ቦታ፣ የሐሰት መሣሪያ፣ የመሳሰለው። ዝርዝሩ ይጨመርበታል ይቀነስበታል፤ በአንድ አቅጣጫ ብልሃት አይጠበቅም። ስለዚህ ስፒንሎክ ተደረገለት። ፈተናው ሲያልቅ የተበደረው ሁሉ በመጣበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይመለሳል፤ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የኋለኛው በፊተኛው ላይ ተደግፎ ሊሆን ይችላል። የኮዱ ውበት ያለው እዚህ ነው፦ ቁልፉን ይዘህ የመጨረሻውን ትመርጣለህ፣ ከዚያ ቁልፉን ትለቃለህ፣ ከዚያ ነው የምትመልሰው፤ እንደገና ቆልፈህ ቀጣዩን ታያለህ። ለምን በአንድ ጊዜ ቆልፎ ሁሉንም አያጸዳም? አንዱን ስትመልስ እሱ ደግሞ ሌላውን ከዝርዝሩ ሊያስወጣ ይችላላ። እሱም ያንኑ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉን የያዝከው አንተ ነህ፤ አንተ እሱን ትጠብቃለህ፣ እሱ አንተን። ይሄ ዴድሎክ ነው። ቁልፍ ይዘህ የማታውቀውን የሰው ኮድ አትጥራ የሚለውን ደንብ በክፍል ውስጥ ከምናገር ይህችን ጥቂት መስመር ማሳየት ይቀለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። በኬዩኒት ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ። አንደኛው «ይህ እንዲሆን እጠብቃለሁ» ይላል፤ ካልሆነ መውደቁን መዝግቦ ፈተናው ይቀጥላል። ሁለተኛው «ይህ ካልሆነ መቀጠል ትርጉም የለውም» ይላል፤ ካልሆነ ትሬዱን እዚያው ያስቆመዋል። የተጠራበትን ትሬድ። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያጸዳ የለም፤ ትሬዱ በቆመበት ያበቃል።

እዚህ እንሴኖ ገበያ በበርበሬ ወቅት የመጣ ሰው መጋዘን ያውቃል። አንድ ልጅ መጋዘኑን ከውስጥ ቆልፎ ማዳበሪያ ሲቆጥር፣ ቁጥሩ አልገጥም ሲለው ተናዶ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ እንበል፣ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ። ነጋዴው የጎደለውን ማወቁ ቀርቶ መጋዘኑም አይከፈትለትም። ሚውቴክስ ይዞ ሳለ «መቀጠል ትርጉም የለውም» ብሎ የቆመ ፈተና ልክ ይሄ ነው። ቁልፉ የጋራ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና በሩ ላይ ይሰቀላል፤ ሪፖርቱን የሚያይ ሰውም ጥፋቱን ምንም ባላደረገው በሁለተኛው ፈተና ላይ ይፈልጋል።

«ታዲያ ሲያልቅ የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ማስመዝገብ ነዋ!» የሚል ይኖራል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኬዩኒትም ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው፣ ፈተናው ቢወድቅም ባይወድቅም በመጨረሻ የሚጠራ ተግባር ማስመዝገብ ይቻላል። ነገር ግን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ሕግ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ኬዩኒት ጽዳቱን የሚያካሂደው ፈተናው በሄደበት ትሬድ ሳይሆን በሌላ ትሬድ ነው። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ የመጀመሪያው ትሬድ በመሃል ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ የሞተ ሰው ደግሞ ቤቱን አያጸዳም። ውጤቱ ግን የቆለፈው አንድ፣ የሚከፍተው ሌላ ሆነ። ወንድሙን ልኮ ማስከፈት።

ይሄ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት እንዳይመስላችሁ። የከርነሉ የግራፊክስ ክፍል ፈተናዎች ቁልፎችን ወስዶ በመጨረሻ በራሱ የሚለቅ አንድ ረዳት ፈንክሽን ነበራቸው፤ ለጸሐፊዎቹ በጣም የተመቸ ነበር። ሎክዴፕ የሚባለው የቁልፍ ተቆጣጣሪ ግን ቁልፉ በተወሰደበት ትሬድ አልተለቀቀም ብሎ ይከስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2025 የክፍሉ ሰዎች ነገሩን መርምረው ረዳቱ ጭራሽ እንደታሰበው ሊሠራ እንደማይችል ጻፉ፣ አስወገዱትም፤ እያንዳንዱ ፈተና ቁልፉን ራሱ እንዲወስድ፣ ራሱ እንዲለቅ ተደረገ። ኮዱ ረዘመ። እኔ ግን ረዝሞ ባለቤቱ የሚታወቅ ቁልፍን እመርጣለሁ።

ሌላም ልንገራችሁ። ቀድሞ በሠራሁበት፣ ስሙን በማልጠራው ድርጅት አንድ የዲስክ ድራይቨር ፈተና ለወራት «አለፈ» ይል ነበር። ደንበኞች ጋ ግን መረጃ ይበላሻል። ስናየው ፈተናው ረዳት ትሬድ አስነስቶ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ይጨርሳል። ረዳቱ በእርግጥ ስህተቱን ያገኛል፣ «ወደቀ» ብሎም ይጽፋል፣ ግን ውጤቱ ከተነበበ በኋላ። አንዳንዴም የሚጽፍበት መዝገብ ራሱ ፈርሷል። ማንም አልዋሸም፤ የታመመውን ጤነኛ የሚል ምርመራ ግን ምርመራ ካለመኖርም ይብሳል፣ ሐኪሞቹ ያውቁታል። መፍትሔው አንድ መስመር ነበረች፦ ረዳቱን ጠብቅ።

መምህራኖቻችን፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ። እኛ ስንማር ቁልፍ ማለት በወረቀት ላይ ያሉ አምስት ፈላስፎችና አምስት ሹካዎች ነበሩ። የዳይክስትራ ምሳሌ ክቡር ነው፤ ግን ሹካ የሚጋራ ሰው ያላየ ልጅ፣ እንጀራ በአንድ ትሪ ሲበላ ያደገ ልጅ፣ ነገሩን ሸምድዶ ለፈተና ጽፎ ይረሳዋል። ኬዩኒት እጁን እንዲያስገባ ያደርገዋል። ልዩ መሣሪያ አይፈልግም፤ ዩኤምኤል በሚባለው ዘዴ ከርነሉ እንደ ተራ ፕሮግራም በላፕቶፕ ላይ ይነሳል፣ አንዴ ከተጠናቀረ በኋላ ፈተናው በሰከንዶች ያልቃል። መብራት ሳይጠፋ ብዙ ዙር ይደርሳል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። ዩኤምኤል በተለመደው አወቃቀሩ በአንድ ፕሮሰሰር ነው የሚሄደው። ሁለት ጸሐፊ በእውነት አንድ ላይ ካልጻፉ ሽሚያው አይታይም፤ ተማሪው «አለፈ» አይቶ ቁልፍ አያስፈልግም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ኪውኢሙ በሚባለው አስመሳይ ላይ ስምንት ፕሮሰሰር አስነስታችሁ ያንኑ ፈተና አስኪዱት፤ ትእዛዙ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ቃል ነው። ቀርፋፋ ነው፣ እውነት ነው። ከዚያ ሁለት ተቆጣጣሪዎችን አብሩ። ሎክዴፕ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ ቁልፎች የሚወሰዱበትን ቅደም ተከተል ይመዘግባል። አንዱ ትሬድ መጀመሪያ ሀን ከዚያ ለን፣ ሌላው መጀመሪያ ለን ከዚያ ሀን ሲወስድ ካየ፣ መተናነቁ ገና ሳይደርስ ያስጠነቅቃል። ኬሲሳን ደግሞ በ2020 በሊኑክስ 5.8 የገባ የሽሚያ አዳኝ ነው፤ አንዱን ትሬድ ማስታወሻ ሊነካ ሲል ትንሽ ያዘገየውና ሌላ እዚያው የሚነካ መኖሩን ያደባል። የሚገርመው፣ የኬሲሳን የራሱ ፈተናዎች የተጻፉት በኬዩኒት ነው። ተማሪ ኮዱን ከፍቶ ቢያነብ ሽሚያን ሆን ብሎ እንዴት እንደሚፈጥሩ ያያል፤ ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ ምዕራፍ ነው።

ምዘናውም ይቀየር እላለሁ። «ፈተናው ካለፈ ሙሉ ነጥብ» የሚል የቤት ሥራ በዚህ ርእስ ላይ አይሠራም። የተሰበረ ኮድ ስጧቸው፤ ቁልፍ የጎደለው፣ ቁልፍ ይዞ የሚወጣ፣ ረዳቱን የማይጠብቅ። የሚያርሙት ሳይሆን መሰበሩን የሚያሳይ ፈተና ይጻፉ። ይሄን የቻለ ልጅ ለሊኑክስ እውነተኛ ፈተና ጽፎ መላክ ይችላል፤ እዚያ የሚመዘነው የተላከው ኮድ ነው፣ ዲግሪ አይጠየቅም። ከዚህ አካባቢ የወጣ ልጅ ወልቂጤ ሆኖ የጻፈው ፈተና ዓለም ሁሉ በሚያስኪደው ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ስምንት ፕሮሰሰር የሚያስመስለውን ፈተና በዚህ ላፕቶፕ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከኋላ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሆን ተብሎ የተሰበረ ነው። ማየት የሚፈልግ ከምሳ በኋላ ይምጣ፤ ቻርጀር ያለው ሰው ካለም ቢያውሰኝ ደስ ይለኛል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።