ከመጀመሪያው ማንዶሊን ወደ ሁለተኛው፦ በአቅም የመምረጥ ጉዳይ

(ዓለም ባንክ አካባቢ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)

የዛሬው ርዕሴ በአንድ ትንሽ መሣሪያ ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ትንሽ አይደለም። አንድ ተማሪ ከምሳና ከታክሲ እየቀነሰ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ዕቃ ላይ ሲያወጣ የሚሳሳትበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ከተሳሳተ ደግሞ ሁለተኛ የመግዛት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ማንዶሊን የኢጣሊያ ተወላጅ ነው። ዛሬ የምናውቀው ባለ አራት ጥንድ ክር መሣሪያ በ18ኛው ምዕት ዓመት በኔፕልስ ከተማ መልክ ያዘ። የዚያ ዘመን ማንዶሊን ጀርባው እንደ ቅል የጎበጠ ነበር። በአሜሪካ ኦርቪል ጊብሰን የተባለ ባለሙያ ደረቱንና ጀርባውን እንደ ቫዮሊን ከወጥ እንጨት ጠርቦ የመሥራትን ዘዴ አመጣና በ1898 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። በአገራችን ማንዶሊን ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስም የአንጋፋው አየለ ማሞ ነው። ይህ ባዕድ መሣሪያ የእኛን ዜማ ሊናገር እንደሚችል ጆሯችንን ያሳመኑት እንደ እርሳቸው ያሉ ባለሙያዎች ናቸው።

ለምን ተናገረልን? ክራር በአንድ ጊዜ ለአንድ ቅኝት ይቃኛል፤ ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሻገር ክሮቹን ማላላትና ማጥበቅ ግድ ነው። ማንዶሊን ግን አሥራ ሁለቱንም ግማሽ ድምፆች በፍሬቶቹ ላይ ደርድሮ ይጠብቀናል። ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው እንደ ቫዮሊን ይቃኛሉ። በሶል ክር ላይ ባዶውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ፍሬት፣ በሬ ክር ላይ ደግሞ ባዶውንና ሁለተኛውን ፍሬት የመታ ሰው የትዝታን አምስት ድምፆች አገኘ ማለት ነው። በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ስለሆነ ያንኑ የጣት አቀማመጥ ወደሚቀጥሉት ክሮች ቢያሻግረው ትዝታው አብሮት ይሻገራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጀማሪ ማንዶሊን አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው። ኮምፔንሳቶ ተነባብሮ የተጣበቀ ስስ እንጨት ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ጉድለቱ በቀላሉ የማይርገበገብ መሆኑ ነው። የማንዶሊን ክር አጭር ነው፤ ርዝመቱ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አጭር ክር የሚይዘው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ደረቱ ያንን ጥቂት ኃይል ሳያባክን ወደ አየር ማስተላለፍ አለበት። ከወጥ ስፕሩስ የተጠረበ ደረት ይህን ከኮምፔንሳቶ በተሻለ ይፈጽማል። ስለዚህ ሁለተኛ መሣሪያ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረቱ ወጥ ነው ወይስ ኮምፔንሳቶ?» የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ሻጩን ብቻ አትጠይቁ። በድምፅ መውጫው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ብርሃን አብርታችሁ ተመልከቱ። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ውስጥ ሳይቋረጥ ከወረደ ወጥ ነው፤ ንብርብር ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቅርጽ ነው። በገበያው ሁለት ዋና ቅርጾች አሉ። አንደኛው እንደ እንባ ጠብታ ያለው «ኤ» የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ትከሻው ላይ ጥምዝ ጌጥ ያለው «ኤፍ» የሚባለው ነው። ጥምዙ ብዙ የእጅ ሥራ ይጠይቃል፤ ለድምፁ ግን የሚጨምረው ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። በእኩል ዋጋ የቀረቡ ሁለት መሣሪያዎች ካሉ የ«ኤ»ው ገንዘብ በእንጨቱና በጥርቡ ላይ የዋለ የመሆኑ ዕድል የበለጠ ነው። እንደ ኬንታኪ ኬኤም-150 እና ኢስትማን ኤምዲ 305 ያሉት ሞዴሎች በመካከለኛ ዋጋ ፈላጊዎች ዘንድ የሚመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱም «ኤ» ቅርጽ ናቸው፤ ደረታቸው ወጥ ስፕሩስ፣ ጀርባቸው ወጥ ሜፕል ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ስማቸውን ቢይዝ አይጎዳም።

ነገር ግን ለዘመድ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ዋጋም ይህንኑ ተከትሏል። ስለዚህ «አዲስ ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የንፉግነት ምልክት ሳይሆን የአስተዋይነት ነው።

አንዲት የክራር ልምድ የነበራት ተማሪ ማንዶሊን ጀምራ «ጆሮዬ ተበላሸ» ብላ ልትተው እንደተቃረበች ነገረችኝ። ባዶውን ክር ስትመታ ልክ ነው፤ ወደ ላይኛው ፍሬት ስትወጣ ግን ዜማው ይዛባል። መሣሪያዋን ስንለካ ብርኩማው ከቦታው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቶ ተገኘ። በአብዛኛው ማንዶሊን ላይ ብርኩማው አይጣበቅም፤ የሚይዘው የክሩ ጫና ብቻ ነው። 3 ሚሊ ሜትር በዓይን ኢምንት ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ግን የግማሽ ድምፅን አንድ ሰባተኛ ያህል ዝቅ ያደርጋል፤ ክራር መቃኘት የለመደ ጆሮ ይህን ሳይሰማ አያልፍም። የልጅቷ ጆሮ ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ የእንጨቷ ቁራጭ ነበር። መፍትሔውም አንዲት ሳንቲም አላስወጣም።

በዚህ ምክንያት ማንኛውንም ማንዶሊን፣ ያላችሁንም ሆነ ልትገዙ ያሰባችሁትን፣ በሦስት መንገድ እንድትፈትኑ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ በ12ኛው ፍሬት ትክክል ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ጫፍ ነክታችሁ ምቱ፤ ቀጥላችሁ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። የተጫነው ከፍ ካለ ብርኩማው ከአንገቱ ይራቅ፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ይቅረብ። ይህን ስታደርጉ ክሮቹን ጥቂት አላሉ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ፤ ብርኩማው ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ አንቺሆዬን ከሶል ተነሥታችሁ ተጫወቱ፤ በሶል ክር ባዶውን፣ አንደኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ፍሬት፣ በሬ ክር ሁለተኛውን። የአንቺሆዬ የመጀመሪያ እርምጃ ግማሽ ድምፅ ስለሆነ በአንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ስሕተት ያጋልጣል። ያ ድምፅ ከሚገባው በላይ ሹል ሆኖ ከተሰማ በአንገቱ ራስ ላይ ያለችው የክር ማሳለፊያ ከፍ ብላለች ማለት ነው። ጎድጓዶቿን ማስተካከል የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ቢሆንም አዲስ መሣሪያ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ ጥንዶቹን ክሮች አዳምጡ። አንዱ 440፣ ሌላው 441 ጊዜ በሰከንድ ቢርገበገቡ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ ይሰማል። ከተቃኘ በኋላ ይህ ውዝዋዜ በደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመለስ ከሆነና ክሩም አዲስ ሆኖ ከተላመደ ምናልባት መቃኛው እየተንሸራተተ ነው። ይህ መሣሪያ ለመቀየር በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ መሣሪያ ለሚገዙ ደግሞ አንድ ጨምሬ ልናገር። የስምንቱ ክሮች ጠቅላላ ጉተታ ከ70 ኪሎ ይበልጣል። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ተመልከቱ፤ ከተጣመመ፣ ወይም ደረቱ ከብርኩማው ሥር ከሰመጠ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ጀርባው የጎበጠ አሮጌ የኢጣሊያ ማንዶሊን ካገኛችሁም የዛሬውን ወፍራም ክር አትጫኑበት፤ ለቀጭን ክር የተሠራ ነውና።

የአየር ጠባያችንንም አትርሱ። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያህል ነው። የእኛ ክረምት ከዚህ ያልፋል፤ የበጋው ቀትር ደግሞ እጅግ ይደርቃል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ ማንዶሊን ቀን ይጋገራል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ከወለሉ ከፍ፣ ከጣሪያው ራቅ ብሎ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ይቀመጥ። በሐምሌ የተገዛ መሣሪያ በጥር እንደገና መታየት አለበት።

ለማጠቃለል የወጪውን ቅደም ተከተል ላስቀምጥ። በመጀመሪያ አዲስ ክር ግዙ፤ ቀጥሎ ብርኩማውንና የክሩን ከፍታ አስተካክሉ። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ በላይ 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ጣት አይደክምም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳለ መሣሪያው ቅኝት ካልያዘ፣ ወይም ጠንክራችሁ ስትመቱ ድምፁ ማደጉን ትቶ መጮኽ ብቻ ከጀመረ፣ ያኔ ለወጥ ደረት «ኤ» ገንዘብ አጠራቅሙ። የቀድሞውንም ከመሸጣችሁ በፊት በሠፈራችሁ መጀመር የሚፈልግ ልጅ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። በደንብ የተስተካከለ የኮምፔንሳቶ ማንዶሊን ለእርሱ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ መሣሪያ ይዛችሁ የመጣችሁም ወደ ፊት ቅረቡና አብረን እንለካ።